ራስ ምታት ተብሎ የተጻፈ

ሐረር፣ መስከረም 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ አባይነህ፤ ላይፕዚግ

አዲሱ ዓመት ጤናና ደስታ ይዞ ደጅዎ ድረስ ይምጣልዎ። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ሁላችንም አለን።

የእጅ ጽሑፉ ተለወጠብዎ አይደል? ብሌን ነኝ፤ የአጎትዎ ልጅ የጌታነህ የመጨረሻዋ ልጅ። እርስዎ ከሐረር ሲወጡ አልተወለድኩም፤ የሚያውቁኝ በፎቶ ነው፣ ያውም የፊት ጥርስ በሌለኝ ፎቶ። አባዬ ዓይኑን ሞራ ስለጋረደው መጻፍ አቅቶታል። እሱ እየነገረኝ እኔ ልጽፍ ተስማምተን ጀመርን።

እንደ ልማዱ አስጻፈኝ፦ «ክረምቱ ጥሩ ነበር፤ የግቢው አጥር ታድሷል፤ ልጄ ራሔል ታጭታለች፤ በለጡ አንዳንዴ ራሷን ያማታል እንጂ ደህና ናት።» እዚህ ላይ ብዕሬ ቆመ። አባዬ ደብዳቤውን ሁሉ መጀመሪያ በደብተር ነው የሚጽፈው፤ የድሮ ደብተሮቹን ገልጬ አየሁ። ያቺ የራስ ምታት ዐረፍተ ነገር ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ቃሏ ሳይለወጥ አለች።

«አባዬ፣ ይቺን አልጽፍም» አልኩት።

«አቦ ተይኝ! አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ የምትጻፍ ናት» አለኝ።

የእሱን ደብዳቤ እንዳለ ጻፍኩለት። ይህ ደግሞ የራሴ ነው፤ በአንድ ፖስታ አስገብቼዋለሁ። በስልክ ልነግርዎ አስቤ ነበር፤ እኛ ግቢ ግን አንድ ስልክ ሲጮኽ ጎረቤቱ ሁሉ ነው የሚያነሳው።

ባለፈው ሐምሌ በአእምሮ ጤና ነርስነት ተመርቄያለሁ። አባዬ ለሰው ሲናገር «ነርስ ናት» ይልና የቀረውን ይውጠዋል። አሁን ሸዋ በር አካባቢ በሚገኝ ጤና ጣቢያ በኮንትራት እሠራለሁ። ክፍላችን አሥራ አንድ ቁጥር ናት፦ አንድ ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበር፣ የማይዘጋ መስኮት፣ አንድ መዝገብ። አለቃዬ ሲስተር ዋፊቃ የጀጎል ልጅ ናት፤ እዚያች ክፍል ውስጥ አሥራ ሰባት ዓመት ሠርታለች።

ሰው ወደ እኛ እንዴት እንደሚመጣ ቢያዩ! አግዳሚ ወንበራችን ሁልጊዜ ባዶ ነው። ቀጥሎ ያለው አሥር ቁጥር የጥርስ ክፍል ነው፤ የእኛ ሰዎች ሁሉ እዚያ ፊት ይቀመጣሉ፣ ጉንጫቸውን ይዘው። እውነተኛ ጥርሱን ያመመው ቦታ አጥቶ ይቆማል። ተራቸው ሲደርስ ሲስተር ዋፊቃ በሩን ገርበብ አድርጋ በዓይኗ ትጠቅሳለች፤ አንዱ ብድግ ብሎ ሹልክ ይላል።

ሥራ በጀመርኩበት ቀን ጉንጫቸውን ከያዙት መካከል እትዬ በለጡን አየኋት። እህትዎን። በየወሩ አንድ ቀን ከሥራ የምትቀረው «ጥርሴን ልታከም» ብላ ነው። ጋሽ፣ ሠላሳ ሁለት ጥርስ ለስንት ዓመት ይበቃል? አባዬ ያውቅ ኖሯል፤ እኛ ልጆቹ ግን አናውቅም። እኔ አራት ዓመት ስለዚህ ሕመም ተምሬ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ያለችውን አላየኋትም። ያን ቀን በጣም አፈርኩ፤ ያፈርኩትም በራሴ ነው።

እና እውነቱ ይኸው። ራስ ምታት አይደለም። የአእምሮ ሕመም ነው፤ ከወጣትነቷ ጀምሮ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ስትሰማ ኖራለች። አሁን በወር አንዴ በምትወጋው መርፌ ደህና ናት። ጊደር መጋላ ገበያ ከእህል ነጋዴዋ ከሰላማዊት ዘንድ እህል ትለቅማለች፤ ምስርን ከጠጠር በመለየት የሚያህላት የለም። ይህን የምጽፈው እሷው ፈቅዳ ነው፤ አጠገቤ ተቀምጣ «ጻፊ፤ ግን እንዳይደነግጥ አድርገሽ ጻፊው» እያለችኝ ነው። እንዴት እንደዚያ እንደሚጻፍ ስላላወቅኩ እንዲሁ ጻፍኩት።

አሁን የምለምንዎት። አሥራ አንድ ቁጥር ሊዘጋ ነው። ምክንያቱ ደግሞ «ታካሚ የለም» የሚል ነው። በጥር መጨረሻ ስብሰባ አለ። እትዬ በለጡ እዚያ ተነሥታ «እኔ አለሁ» ልትል ትፈልጋለች። መርፌው ከቀረ ምን እንደምትሆን ከሁላችን በላይ የምታውቀው እሷ ናት። ግን አንድ ነገር ያዛት፦ «ወንድሜ እሺ ካላለ የአባታችንን ስም አደባባይ አላወጣም» አለች።

ገንዘብ አልጠየቅንዎትም። አንዲት «እሺ» ብቻ።

አክባሪዎ፣ ብሌን ጌታነህ


ላይፕዚግ፣ ጥቅምት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለብሌን

የመድኃኔዓለም ጥላ ከራስሽ አይለይ። ለአባትሽ፣ ለእናትሽ፣ ለራሔል፣ ለእህቴ ለበለጡ፣ ለጎረቤትም እንዲሁ ሰላምታዬን በየስማቸው አድርሺልኝ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ከደም ግፊቴ በቀር ደህና ነኝ። እዚህ ቅጠሉ ረግፎ ብርዱ ገብቷል።

መመረቅሽን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። እንኳን ደስ ያለሽ። ጥርስ የሌለሽበት ፎቶ መጽሐፌ ውስጥ አለ፤ አዲስ ላኪልኝ። አባትሽ ዓይኑን ቶሎ ይታይ፤ የሞራ ቀዶ ሕክምና ዛሬ ቀላል ነው፤ ወጪው በእኔ ነው።

ስለ በለጡ የጻፍሽውን አንብቤዋለሁ። ጤናዋ የሚጠበቅበትን መንገድ መፈለግ የሁላችን ግዴታ ነው። ለዚህም ጥሩ የግል ሐኪም ድሬዳዋ ወይም አዲስ አበባ ፈልጊላት፤ መመላለሻውንም መድኃኒቱንም እችላለሁ። እንዲህ ከሆነ ያቺ ክፍል ብትዘጋም ባትዘጋም እኛን አይነካንም።

በስብሰባ ላይ መናገሩን ግን ተዉት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ራሔል ታጭታለች ብላችሁኛል፤ ሽማግሌ ሲቀመጥ መጀመሪያ የሚጠየቀው ዘር መሆኑን አንቺም አትስቺውም። አንቺ ወጣት ነሽ፤ የተማርሽውን ሁሉ በአንድ ቀን ሥራ ላይ ማዋል ትፈልጊያለሽ። እኔም እንደዚያ ነበርኩ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከመርፌው በኋላ እግሯ አልረጋ ይላታል? ተቀምጣ ሳለች ተረከዟን ትመታለች? እጇስ ሲኒ ስትይዝ ይንቀጠቀጣል? እንደዚያ ከሆነ ለሐኪሙ ይነገረው፤ የሚያስታግስ ክኒን አለ። ምንም አይደለም እንዳትል፤ ሰው ያንን ፈርቶ ነው መድኃኒቱን የሚያቋርጠው።

በደህና ያገናኘን።

አባይነህ


ሐረር፣ ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ አባይነህ

ጤናዎ እንደ ልባችን ምኞት ይብዛልዎ። አባዬ ለዓይኑ ቀጠሮ ይዟል፤ «ካሁን በኋላ እኔው ልጽፍለት ነው፤ ይቺ ልጅ ከዘመድ አጣላችኝ» ይላል። እግዜር ይስጥልን።

ጋሽ፣ ብቆጣብዎት ይቅር ይበሉኝ። አልቆጣም። ትንሽ ብቻ።

የግል ሐኪም አሉ። እትዬ በለጡ ሰምታ ምን አለች መሰለዎት? «እኔ ድሬ ስሄድ ነስሮስ?» ነስሮ ከሶፊ የሚመጣ ገበሬ ነው፤ ጫቱን ሸጦ ሲያበቃ ወደ እኛ ይመጣል። ሚስቱ የምታውቀው ኩላሊት እንደሚያመው ነው። ጥርስ ክፍል ፊት እሱና እትዬ በለጡ ጎን ለጎን ጉንጫቸውን ይዘው ስድስት ዓመት ተቀምጠዋል። አንድ ቀን እንኳ «ምንህን ነው?» ተባብለው አያውቁም፤ ግን ሲቀር ትጨነቃለች። እርስዎ ለእሷ ይከፍላሉ። ለእሱ ማን?

«ታካሚ የለም» የተባለው እንዴት እንደሆነ ልንገርዎት። ያለፈው ሩብ ዓመት ሪፖርት ላይ የእኛ ክፍል ያየው የአእምሮ ሕመም አሥራ አራት ሰው ነው። ራስ ምታት ደግሞ ሦስት መቶ ሰማንያ ስድስት። የጤና ጣቢያው ኃላፊ አቶ በቀለ ክፉ ሰው አይደሉም፤ የታዘዙትን በጀት መቁረጥ አለባቸው። ወረቀቱን ይዘው መጥተው፦

«ለአሥራ አራት ሰው አንድ ክፍልና ሁለት ነርስ? ራስ ምታቱን ተመላላሽ ክፍል ያየዋል። ክፍሏ ለዕቃ ግምጃ ቤት ትሁን፤ ከጥር በኋላ መድኃኒቱንም አናዝም» አሉ።

እኔ ሲስተር ዋፊቃን አየኋት፤ እሷ መሬት መሬት አየች። ከወጡ በኋላ በሩን ዘጋችና፦

«እኔ ነኝ የጻፍኩት ልጄ» አለችኝ። «መጀመሪያ አንዲት ሙሽራ መጣች። እውነቱን መዝገብ ላይ ባሰፍር ካርድ ክፍል ያለው ዘመዷ ያወራዋል፤ በሦስተኛው ቀን ትፈታለች። ወላሂ እጄ እምቢ አለኝ። ራስ ምታት አልኩ። ከዚያ ሌላው መጣ፣ ሌላው መጣ። ሁሉም ‹ሲስተር፣ እንደዚያችኛዋ› ይሉኛል። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ከመዝገቡ አጠፋኋቸው።»

ያን ሁሉ ዓመት ለሰው አዝና የጻፈችው ዛሬ ክፍሉን ሊያዘጋው ነው። እሷ የጻፈችውና አባዬ በደብተሩ የጻፈው ያው አንድ ቃል ነው። አይታዩዎትም ጋሽ? በራስ ምታት ስም የተደበቁ ሦስት መቶ ሰማንያ ስድስት ሰዎች!

ራሔልን በተመለከተ፦ እኔ አልነገርኩም፤ እሷው ለእጮኛዋ ለኪሩቤል ነገረችው። እሱም «እኛ ቤት ደግሞ ‹ጨጓራ› ነው የሚባለው» አላት። ሰርጉ እንዳለ ነው።

አዎ፣ እግሯ አልረጋ ይላታል። ተረከዟንም ትመታለች። ሲስተር ዋፊቃ ክኒን ጨምራላት አሁን ተሽሏታል፤ «ማን ነው ይህን ያየው?» ብላ ስትጠይቀኝ «ጀርመን ያለ ወንድሟ» አልኳት። ገረማት። እኔንም ገረመኝ። ጋሽ፣ አብረዋት ተቀምጠው አያውቁም፤ እንዴት አወቁ?

«እሺ»ዎን እየጠበቅን ነው።

ብሌን


ሐረር፣ ታኅሣሥ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ አባይነህ

ነገ ልደት ነው፤ በሰላም ያድርስዎ። መልስ ከእርስዎ ካጣን አርባ ቀን ሊሆን ነው። አባዬ «አስቀየምሽው» ብሎ ኩርፊያ ላይ ነው። ያለፈው ደብዳቤዬ አፉ ስለታም ነበር። ይቅርታ።

ዛሬ አልጨቃጨቅዎትም፤ የሆነውን ብቻ ልንገርዎት። መድኃኒቱ ከአሁኑ መጓደል ጀምሯል። በዚህ ወር የእትዬ በለጡ መርፌ በአሥራ ሰባት ቀን ዘገየ። እሷ ሥራዋን ቀጠለች። ማክሰኞ ዕለት ግን የእህል ነጋዴዋ ሰላማዊት ሱቋን ክፍት ትታ እጇን ይዛ ቤት ድረስ አመጣቻት። የተለቀመውን ምስር መልሳ ስትለቅመው፣ ደግማ ስትለቅመው፣ «መርዝ አድርገውበታል፤ ለሰው አትሽጪ» እያለች ስታለቅስ ነው ያገኘቻት።

ሰላማዊት ደግሞ አልፈራችም። «ነይ በለጤ፣ ዛሬ እህሉ ይረፍ፣ አንቺም እረፊ» እያለች ከጊደር መጋላ እስከ ቤት አቅፋ አመጣቻት። ሰው ቆሞ ሲያይ «ምን ታፈጣላችሁ፣ ትኩሳት ይዟችሁ አያውቅም?» አለቻቸው።

መርፌው ከሦስት ቀን በኋላ ከሌላ ቦታ ተገኘ። አሁን እየተመለሰች ነው። ዛሬ ጠዋት መጀመሪያ የጠየቀችኝ «አባይነህ ጻፈ?» ብላ ነው።

ስብሰባው ጥር 28 ነው።

ብሌን


ላይፕዚግ፣ ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለብሌን

የሚጠብቅሽ አምላክ እኔንም በምሕረቱ ይጎብኘኝ። ይህ ደብዳቤ ለጥምቀት ወደ አገር በሚገባ ሰው እጅ የሚመጣ ስለሆነ ፈጥኖ ይደርስሻል። በኅዳር የጻፍሽልኝን አራት ጊዜ መለስኩት፤ አራቱንም ቀደድኳቸው። ይህ አምስተኛው ነው። እንዳልቀደው ሰውየው በር ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው።

እንዴት አወቁ አልሽኝ። በእኔ እግር ነው የማውቀው።

በ1983 ዓ.ም. መጀመሪያ ሁለቱ ጀርመኖች ሲዋሃዱ የምሠራበት የማተሚያ ማሽን ፋብሪካ ተዘጋ። ሥራም የመኖሪያ ፈቃድም በአንድ ሳምንት አጠራጣሪ ሆኑ። በዚያው ክረምት ጎረቤቶቼ ግድግዳ ሥር ቆመው ስለ እኔ የሚመካከሩ ይሰማኝ ጀመር። ሐረርኛ በሚመስል አማርኛ ነበር የሚያወሩት፤ እንዴት ይሆናል ብዬ አልጠየቅኩም። ቁም ሳጥኑን በር ላይ አስጠግቼ አራት ቀን ተቀመጥኩ። ከታች ያለች አንዲት አሮጊት በየቀኑ ሾርባ እያመጣች ከበሩ ማዶ ወለሉ ላይ ትቀመጥ ነበር። ቋንቋዬን አታውቅም፤ ዝም ብላ ትቀመጣለች። በአራተኛው ቀን ከፈትኩላት። እሷ ናት ሆስፒታል የወሰደችኝ።

እዚያ አምስት ወር ተኛሁ። እናታችን በግንቦት ስታርፍ እዚያው ነበርኩ። መርዶውን የነገረችኝ ነርሷ ናት፤ በጀርመንኛ። ማልቀስ አቃተኝ። በዚያ ቋንቋ እናት ሞታብኝ አታውቅማ። ለእናንተ «መንገድ ተዘግቶብኝ» ብዬ ጻፍኩ፤ መንግሥት የተለወጠበት ወር ስለነበረ ሁሉም አመነኝ። ሆስፒታል ሳለሁ የላክሁት ደብዳቤ ላይ ደግሞ «ጉንፋን ይዞኝ ከርሟል» ይላል። አባትሽ እዚያ ራስ ምታት ሲጽፍ እኔ እዚህ ጉንፋን ስጽፍ፣ አንዱ የሌላውን እያመነ ይኸው ይህን ሁሉ ዓመት አለፈ።

የደም ግፊት የለብኝም። በየጠዋቱ አንዲት ክኒን እውጣለሁ። ከዚያ በኋላ ሃያ አምስት ዓመት ትራም ጠግኛለሁ፤ በጡረታ የወጣሁት በምስጋና ወረቀት ነው። አገሬን ለማየት ሻንጣ ያዘጋጀሁት ሦስት ጊዜ ነው። በሦስቱም «ክኒኑን ያዩብኝና» ብዬ ፈታሁት።

አሁን የበለጡን ነገር ሳስበው አፍራለሁ። እኔ በሽታው ሲይዘኝ ሐኪም፣ አልጋ፣ ክኒን ነበረኝ። እሷ ያላት አንዲት ክፍል ናት። እሷንም ይዘጉባት ዘንድ ዝም በሉ ብዬ በእጄ ጻፍኩ።

«እሺ» በል ብለሽኛል። ፈቃዱ ድሮም የእኔ አልነበረም፤ የእሷ ነው። ለእኔ ስም አስባ ከሆነ ግን ስሜ ይኸው፦ አባይነህ ሽፈራው፣ የሐረር ልጅ፣ የአእምሮ ሕመምተኛ፣ የትራም ጠጋኝ። ይህን ደብዳቤ መጀመሪያ ለእሷ ብቻዋን አንብቢላት። ከዚያ ለአባትሽ። ከዚያ እሷ ከፈለገች ለስብሰባው።

አባይነህ ሽፈራው


ሐረር፣ የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ጋሼ

የእናት ያህል የሚያዝን አምላክ ያጽናናዎት። ዛሬ «ለተከበሩ» የሚለውን የተውኩት አክብሮቱ ቀንሶ አይደለም።

ከየት ልጀምር? ለእሷ ብቻዋን አነበብኩላት፤ ጓሮ፣ የቡናው ዛፍ ሥር። የእናታችሁ ላይ ስደርስ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገች። ስጨርስ ገለጠችው። ከዚያ፦

«ክኒኑ ከምግብ በፊት ነው በኋላ?» አለችኝ።

«ምን?»

«ልጅ ሆኖ ሆዱን ያመው ነበር። በባዶ ሆዱ እንዳይሆን። ጠይቂልኝ።»

ያንን ብላ ነው ያለቀሰችው። «እኔ ብቻ መስሎኝ» አለች። «እኔ ብቻ መስሎኝ ብሌኔ።»

አባዬ በደብዳቤው ላይ አንገቱን ደፍቶ ቆየ። ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ በራሱ ዓይን ነው ያነበበው። ደብተሩን አመጣና ያቺን ዐረፍተ ነገር በሃያ ስድስቱም ቦታ ሰረዛት። «እንደው የዋህ ቤተሰብ ነን» አለ።

ስብሰባው። ካርድ ክፍል ፊት ያለው አዳራሽ ሞልቶ ነበር። አቶ በቀለ ሪፖርቱን አነበቡ፤ አሥራ አራት ሰው፣ አንድ ክፍል፣ ሁለት ነርስ። «አስተያየት ካለ» ሲሉ እትዬ በለጡ ተነሣች። እኔ እጄን ነክሼ ነው የሰማኋት።

«በለጡ ሽፈራው እባላለሁ። ጊደር መጋላ እህል እለቅማለሁ። እዚህ ጤና ጣቢያ በየወሩ እመጣለሁ፤ የምቀመጠው ጥርስ ክፍል ፊት ነው። ጥርሴ ግን ደህና ነው» ብላ አፏን ከፍታ አሳየቻቸው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሷም ሳቀች። ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀችና፦

«የምታከመው አእምሮዬን ነው። መርፌው አሥራ ሰባት ቀን ሲዘገይብኝ ምስር ውስጥ መርዝ አየሁ። ሰላማዊት እዚህ አለች፤ ጠይቋት። ይቺን ክፍል ግምጃ ቤት ስታደርጓት እኔን የት ታስቀምጡኛላችሁ?»

ማንም አልሳቀም። ከዚያ የእርስዎን ደብዳቤ ከመቀነቷ አውጥታ ሰጠችኝ፤ አነበብኩት። ድምፄ ሁለት ቦታ ተቆረጠ፤ ሾርባዋ ላይና ሻንጣው ላይ።

ቀጥላ ሲስተር ዋፊቃ ተነሣች። «ራስ ምታቶቹን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጥፋት ከሆነ ጥፋቴ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ግን ፈቃደኛ የሆነውን ሁሉ በበሽታው ስም እጽፋለሁ ኢንሻአላህ።» ከኋላ ወንበር አንድ ድምፅ፦ «እኔን ጻፉኝ። በረንዳ ላይ ስሜን አትጥሩ እንጂ መዝገቡ ላይ ጻፉኝ።» ነስሮ ነበር። ሚስቱ አጠገቡ ተቀምጣ ነበር፤ ቀና ብላ አይታው ሻሿን አስተካከለችና እጁን ያዘችው።

አቶ በቀለ መነጽራቸውን አወለቁ። «መዝገቡ ውሸት ከሆነ እኔ በምን ልቁጠር?» አሉ፤ በቁጣ ሳይሆን መንገድ እንደ ጠፋበት ሰው። ትልቅ ድል እንዳይመስልዎት። ክፍሏ እስከ ሰኔ ትቆያለች፤ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ሐሙስ። መድኃኒቱ ይታዘዛል። በሰኔ መዝገቡ እንደገና ይቆጠራል። ቁጥሩ ካነሰ ይዘጋል። ሲስተር ዋፊቃ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳት፤ አጥፋ መዝገቡ ውስጥ የገጽ ምልክት አደረገችው። እኔ የሳምንቱ አምስት ቀን ይስጡን ብዬ ማመልከቻ ጽፌያለሁ፤ ሁለተኛውንም ጀምሬያለሁ። እየሳቁብኝ ነው፤ ይሳቁ።

ትናንት ማክሰኞ እትዬ በለጡ መጥታ እኛ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ብቻዋን፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ። አሥር ቁጥር ፊት ያሉት አዩዋት። ትንሽ ቆይቶ ነስሮ ተነሥቶ ጫፉ ላይ ተቀመጠ። ቀጥሎ አንዲት ነጠላ የተከናነበች። ከረፋዱ በፊት ስድስት ሆኑ። የጥርስ ሐኪሙ በሩን ከፍቶ «ሰዎቼ የት ሄዱ?» አለ።

የክኒኑን ነገር እንዳይረሱ። በየቀኑ ትጠይቀኛለች።

ልጅዎ ብሌን


ላይፕዚግ፣ የካቲት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለብሌን

ያጣሁትን የመለሰልኝ ጌታ ዘመንሽን ይባርከው።

ደብዳቤሽን ትራም ውስጥ ሆኜ አነበብኩት፤ መውረጃዬን አልፌ መጨረሻው ጣቢያ ደረስኩ። ሾፌሩ ድሮ አብሮኝ የሠራ ነው፤ «ምን ሆንክ?» ሲለኝ «እህቴ አፏን ከፈተች» አልኩት። አልገባውም፤ ግን ሳቀልኝ።

ፋሲካ ሚያዝያ 12 ነው። ከእሱ በፊት ባለው ሳምንት እገባለሁ። ትኬቱ ተቆርጧል፤ ሻንጣውን አልፈታውም። ስድስት ሳምንት እቆያለሁ። ሐኪሜ የምትሰጠኝ ክኒን ግን የአራት ሳምንት ብቻ ነው፤ ደብዳቤ ጽፋልኛለች፣ የቀረውን ከእናንተ ክፍል እቀበላለሁ። ስለዚህ አንድ ማክሰኞ አሥራ አንድ ቁጥር በር ላይ ታገኙኛላችሁ። አግዳሚው ላይ ከበለጡ ጎን ቦታ ያዙልኝ።

ለሲስተር ዋፊቃ ንገሪልኝ፦ ሙሉ ስሜን ትጻፍ፣ በሽታዬንም እንዳለ ትጻፍ። ራስ ምታት የለብኝም። ሰኔ ላይ ሲቆጥሩ አንድ እጨምርላችኋለሁ።

ለበለጡ ደግሞ፦ ከምግብ በኋላ ነው። ቁርስ ታብላኝና ፊቷ ተቀምጬ ክኒኗን እውጣታለሁ።

አባይነህ